«ማን ሠራው?» ለሚል ልጅ መልሳችን ምንድነው?



ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ሽርሽር ነው። ሽርሽር ስል ግን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሙሸበክና ሀላዋ በልቶ መመለስን አይደለም። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ጥንታዊ ግንቦችንና ቤተ መንግሥቶችን ለማየት ስለሚያደርገው ጉዞ ነው። «ይሄ ደግሞ እኛን እጩ መምህራንን ምን አገባን?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበኝ። በጣም ያገባናል።

እንደሚታወቀው ሥልጠናችንን ስንጨርስ ጠመኔ ይዘን ክፍል እንገባለን። አንዳንዳችን ከተማ፣ አንዳንዳችን ገጠር ቀበሌ እንመደባለን። ስለ ጎንደር ግንቦች የምናስተምርበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን በእጃችን የሚኖረው ምንድነው? መጽሐፉ ላይ ያለች አንዲት ሥዕል! ልጁ ሥዕሏን ያያል፣ «ፋሲል ግንብ» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ ከዚያ ክረምት ሲገባ ከነደብተሩ ይረሳዋል።

ታዲያ ዕድል ቀንቷቸው ቦታው ድረስ የሚሄዱትስ የተሻለ ነገር ይዘው ይመለሳሉ ወይ? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አባወራ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሚኒባስ ተከራይተው ባለቤታቸውንና አራት ልጆቻቸውን ይዘው ጎንደር ሄደው ነበር። ድፎ ዳቦውም ቆሎውም ተሰናድቶ፣ ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በጎሐ ጽዮን አድርገው የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፈው ነው የደረሱት። መሄጃው ብቻ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተመለሱ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ፎቶግራፉን አየ። ትልቋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ትንሹ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እኔም ትንሹን ልጅ ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?» አልኩት። ሳያመነታ «ፖርቱጋሎች!» አለኝ። «ማን ነገረህ?» ስለው «አባዬ» አለ። አባትየውን ብንጠይቃቸው ደግሞ «እኛ እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩን» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አባትየው አልዋሹም። ልጅ ሆነው ከአስተማሪ የሰሙትን ይዘው አደጉ፣ ያንኑ ለልጃቸው አወረሱ። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶ፣ ያን ያህል መንገድ ተሄዶ፣ ልጁ ያመጣው መልስ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የተናገረውን ነው። አቦ፣ ይህ አያስፈራም? የኛ ቃል ከግንቡ ድንጋይ ይልቅ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

እስቲ መልሱን አብረን እንመርምረው። አፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለአፄ ፋሲል የለቀቁት በ1624 ዓ.ም. ነው። አፄ ፋሲል ከነገሡ በኋላ ያደረጉት ዋነኛ ነገር ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት ካገር ማስወጣት ነበር። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ነው። የስፔኑ ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ለአፄ ሱስንዮስ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ያሠራው መነኩሴ፣ የሞተው በ1614 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ 14 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የተባረረና የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ግንብ የሚገነባው?

ሌላም ማስረጃ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ከፋሲል ግንብ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ነው ይባላል። ጎረቤቶቻችን በመኪና አጠገቡ አልፈዋል። ማንም «ያ ምንድነው?» አላለም። ታላቅየውን ሳያዩ ታናሽየውን አይተው ተመለሱ።

ይህን ስል ግን «ከውጭ አንዳች ነገር አልመጣም» ወደሚለው ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ የለብንም። እሱም ስሕተት ነው። በጎንደር ሕንፃዎች ላይ የህንድና የዓረብ ጥበብ ምልክት እንዳለ፣ የአውሮፓውም እንደታከለበት የሚያውቁት ይናገራሉ። ድንጋዩን ከጠረቡትና ከገነቡት መካከል የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ይገኙበታል። ስለዚህ ለልጁ ትክክለኛው መልስ «እነ እገሌ ብቻ ሠሩት» የሚል ሊሆን አይችልም። «ንጉሡ አዘዘ፤ ያገር ሰው ጠረበ፣ ተሸከመ፣ ገነባ፤ ከሩቅ የመጣ ጥበብም ተጨመረበት» ነው የሚባለው። መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል። ግን እውነት ነው፤ ልጅም ይገባዋል።

አሁን አንዳንድ ጓደኞቼ ማደሪያ ቤት ውስጥ የሚያነሡትን ክርክር ልመልስ። «የቀለቡ ሳይሞላ ምን ዓይነት ጎንደር ነው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለብዙው የድሬ ቤተሰብ ያ ጉዞ የዓመት ቁጠባ ይበላል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ልጆችን ጭኖ በዚያ መንገድ መሄድ እንደ ቀድሞው ቀላል ነገር አልሆነም። ይህንን ዓይኔን ጨፍኜ አላልፈውም። ግንብ ለማየት ብሎ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወላጅ የለም፣ መኖርም የለበትም።

ግን ማን ነው ጎንደር ካልሄድን ምንም የለም ያለው? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ። ከኛ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሐረር አለ። የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ወጥቶ፣ አደሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ቤት መመለስ ይቻላል። የጎንደር የነገሥታት ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። የሐረር ጀጎል ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ተመዝግቧል። ሁለቱም እኩል የዓለም ቅርስ ናቸው። ታዲያ ከኛ መካከል ሐረር የሚሄደው አብዛኛው ለምንድነው? ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ። በጀጎል በር አጠገብ ስንት ጊዜ አልፈን ይሆን ስሙን ሳንጠይቅ!

የጎንደር ግቢ የዙሪያ ግንብ 900 ሜትር ያህል ነው። የጀጎል ግንብ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ይህ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ጥያቄ አይደለም? ጥንት በሮቹ አምስት ነበሩ። ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። አፄ ሠርፀ ድንግልና አሚር ኑር የአንድ መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? እዚያ ጣና አካባቢ ግንብ ሲቆም፣ እዚህ ሐረር ላይ ግንብ ቆሟል። የዚያ ዘመን ሰው በሁለቱም ወገን ድንጋይ የሚያነሣበት ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር? ጦርነት ነዋ! የከተማ ዙሪያ የሚያጥር ሰው የፈራ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው እኛ መምህራን መጠንቀቅ ያለብን። የድሬዳዋ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የአማራ፣ የሐረሪ፣ የጉራጌ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ያ ግንብ የተሠራው የአንዱ አያት የሌላውን አያት ስለፈራ ነው። በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ተደርጎ የሐረር አሚሮች ዘመን አበቃ፤ ራስ መኮንንም አገረ ገዥ ሆኑ። ይህ ለአንዱ ልጅ ቤት የድል ወሬ፣ ለሌላው ቤት የሐዘን ወሬ ነው። መምህሩ ይህን ደብቆ «ቆንጆ ግንብ ነው» ብቻ ብሎ ቢያልፍ ልጁ እቤቱ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ከዚያ አስተማሪውን አያምንም። በጥላቻ አድርጎ ቢናገረው ደግሞ ዴስኩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ልጆቹን ይዞ በሩ ሥር ቆሞ፣ «ይህ በር በፍርሃት ዘመን ማታ ማታ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን እዩ፣ የገጠሯ እናት አትክልቷን ይዛ በነፃ ትገባለች» ቢል ግን ልጆቹ ሁሉንም በዓይናቸው ያዩታል። ይህን ሥዕል አያስተምርም።

በጀጎል ውስጥ ሌላም አለ። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ሕንፃ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። በእንጨት ሥራው የህንድ እጅ ይታያል። ውስጡ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ገንዘብ፣ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ አልባሳት አሉ። ወደ ሐረሪ ቤት ቢገባ ደግሞ ነደባውን፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ማየት ይቻላል። ጎንደር ላይ «የህንድ ጥበብ አለበት» የተባለውን ነገር እዚህ ቅርባችን በእጃችን እንነካዋለን ማለት ነው።

«የነገሥታት ቤት ለድሃ ልጅ ምኑ ነው?» የሚልም ሰምቻለሁ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ንጉሡ አንድ ቀን አዘዘ፤ ግንበኛው ግን ዓመት ሙሉ ሠራ። የድሃው ልጅ ግንቡን ሲያይ የአያቱን ጉልበት ነው የሚያየው። ድንጋይ ከድንጋይ ያጣበቀው ኖራ የሚወጣው ከበሃ ድንጋይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ግድም የተተከለው የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካም የሚፈጨው ይህንኑ ድንጋይ ነው። አባቱ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ይህንን ሲሰማ ጎንደር ሩቅ አይሆንበትም።

ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አቅሙ ያለው ቤተሰብ በዓመት አንድ የዕረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ሐረር ይሂድ። ስንመደብ ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ እንናገር።

ሁለተኛ፣ ለሚሄድ ልጅ ሁሉ አራት ጥያቄ ጽፈን እንስጠው፦ ማን አዘዘው? ማን ሠራው? በምን ተሠራ? ማንን ፈርቶ ተሠራ? መልሱን ይዞ መጥቶ ላልሄዱት ይንገራቸው። ያኔ የአንድ ልጅ ጉዞ የስልሳ ልጅ ጉዞ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ግንብ ላይ በሚስማር ስም መጻፍ ነውር መሆኑን ከጉዞው በፊት እናስተምር። ጎንደር ላይ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የጎዳው ጣልያን ከአገር በተባረረበት ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ነው። ቦምብ የተረፈውን ሚስማር አይጨርሰው።

አራተኛ፣ ሐረርም መሄድ ለማይችለው ልጅ እኛው እናምጣለት። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው በዚያው ነው። አሮጌው ጣቢያ ዛሬም ከዚራ አጠገብ ቆሟል። እሱን ለማየት እግር እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም። የጎንደርን ግቢ 900 ሜትርም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዙሪያ በእርምጃ ማስለካት ይቻላል።

አምስተኛ፣ ጎንደርን አንተዋት። ሰላም ሲወርድ፣ መንገዱም ሲከፈት የሚሄድ ቤተሰብ ከወዲሁ ዕቁብ ይጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ከዘመድም ከጎረቤትም ሦስት አራት ቤት ተባብሮ አንድ ሚኒባስ ቢይዝ ወጪው ይቀላል። ሲሄዱም ጉዛራ ላይ ቆም ይበሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያ ትንሽ ልጅ ነገ የአንዳችን ተማሪ ሊሆን ይችላል። እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ግንቡን ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቀናል። የምንሰጠው መልስ ከልጁ ጋር አድጎ ወደ ልጁ ልጅ ይሄዳል። አሁኑኑ አንብበን፣ ሄደን አይተን፣ ጠይቀን ብንዘጋጅ ምን ይለናል?

እኔ የታየኝ ይህ ነው። ያልተስማማ፣ የሚያርመኝም ያለ እንደሆነ ጽፎ ከጎኔ ይለጥፍ። ግድግዳው ሰፊ ነው፤ የሁላችንም ነው።