ለጊዜው ነው

የእህቴ ልጅ ሥራ ያዘ። ዜናውን ለጎረቤቴ ስነግራት እልል ልትል ከንፈሯን አሰናድታ ነበር። የምን ሥራ እንደሆነ ስትሰማ ግን እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ «አይዞህ፣ ለጊዜው ነው» አለችኝ። ድንኳን መጣል ብቻ ነበር የቀረን።

ልጁ የያዘው የሳኒተሪ ረዳትነት ነው። ቧንቧ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ግድግዳ ይፈለፍላል፣ የአለቃውን መሣሪያ ይሸከማል፤ እግረ መንገዱንም ሙያውን ይማራል። ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከመዋዕለ ሕፃናት የምረቃ ጋዋን ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሰኔ ስጽፍበት ስንት ወላጅ እንደተቀየመኝም አልረሳሁም። አልታረምኩም። ጫማውን ማሰር የማይችል ሕፃን ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ቆቡ ዓይኑ ላይ እየወረደበት፣ ማይክ ተደቅኖበት «ሳድግ ዶክተር»፣ «ሳድግ ፓይለት» ይላል። «ሳድግ ቧንቧ ሠራተኛ» ያለ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቢኖር እንኳ መምህርቷ ማይኩን ነጥቃ ለሚቀጥለው ፓይለት የምትሰጠው ይመስለኛል። አዳራሹን ለቀን ስንወጣ ደግሞ ተመራቂም ወላጅም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ የሚወርድለት ሽንት ቤት።

የእህቴም ልጅ በጊዜው ፓይለት ነበር። ከዚያ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ የሆነበት፣ አገር ጉድ ያለበት ማለቴ ነው። የእኛው ሰው ከብዙኃኑ ጋር ቀረ። አጃቢው የበዛ መውደቅ ነበር፤ እናት ግን በመቶኛ አትጽናናም። ሁለት ዓመት ያህል ስልኩ ላይ ተደፍቶ ከረመ። በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገባ፣ ምዘናውን አለፈ፣ አሁን ጣቱ ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ይቀበላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ስድስት ቀን በ350 ብር ታስቦ፣ 2,100 ብር ተቆጠረለት። «አስመርቅ እንጂ!» እያሉ የተከተሉትን ጓደኞቹን በማኪያቶ ሸኝቶ የተረፈውን ለእናቱ ሰጠ። እህቴ ብሩን ሳመችው፣ ልጁን መረቀችው፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ደወለችልኝና አለቀሰች። «ለዚህ ነው ያሳደግኩት?» አለችኝ። የመለስኩላትን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ማክሰኞ ደግሞ የራሴ ኩሽና ጉድ አፈላ። ሌሊቱን ፈረቃችን ደርሶ ውሃ መጥቶ ነበር። ውሃ ሰንብቶ ሲመጣ ደካማ ቦታ ፍለጋ አይቸገርም፤ ጠዋት ስነሳ ነጠላ ጫማዬ ከኩሽና ወደ ሳሎን እየተንሳፈፈ አገኘሁት። ለልጁ ደወልኩ። ከአለቃው ጋር መጣ። አለቃው ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ልጁ እንደ ወትሮው አልተጠመጠመብኝም፤ እጁ ቆሽሾ ስለነበር አንጓውን ዘረጋልኝ። ይኸው እጅ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በጉልበቱ ገባና ድምፁ ብቻ መጣ፤ «ጋሼ፣ ይህን ማን ነው ያሰረው?»

ቧንቧው በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ በሽቦ ተጠፍሯል። የእኔ የእጅ ሥራ ነው። «ለጊዜው ብዬ ነው» አልኩት።

«መቼ?»

አሰላሁ። አራት ዓመት አልፎታል። አለቃው ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የታሰረውን ቆርጠው አወጡና የፕላስቲክ ቧንቧ መበየጃውን፣ የፒፒአር ማሽኑን፣ ሰኩ። እስከ 260 ዲግሪ እስኪግል ጠበቁ። የቧንቧው ጫፍ በአንድ ወገን፣ ኤልቦው (ክርን መሰሉ መገጣጠሚያ) በሌላው ወገን ማሽኑ ላይ ይሰካሉ። 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ቢያንሰው አይያያዝም፤ ቢበዛበት ይቀልጥና የውስጡን ቀዳዳ ያጠብበዋል። ከዚያ ነቅሎ አንዱን ወደ ሌላው ቀጥ አድርጎ መክተትና ሳይነቀንቁ መያዝ ነው። ማዞር አይፈቀድም። ልጁ ከተተው፤ ትንሽ የተጣመመበት ስለመሰለው ግን ጠምዘዝ አደረገው። እኔ ምንም አልታየኝም። አለቃው በመቁረጫው ቀጭ አድርገው ቆርጠው ጣሉት።

«ይይዛል እኮ» አለ ልጁ።

«ለጊዜው» አሉ አለቃው።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ አዲስ ኤልቦ አነሳ፤ ሰከንዱን በከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። ይህኛው ሲቀዘቅዝ አለቃው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ቫልቩ ሄዱ። ምስጋናው ይኸው ነበር።

እኔ ግን ወንበሬ ላይ ቀረሁ። እኚህ ሰው ደህና ኤልቦ የጣሉበትን ቃል እኛ እየተመገብነው ነው የምንኖረው። ለጊዜው የተከራየነው ቤት ልጅ ድረን እናስወጣበታለን። «ተጠባባቂ» ተብሎ ለጊዜው የተቀመጠ ኃላፊ እዚያው ወንበር ላይ ጡረታ ይደርሳል። ሠፈራችን ውስጥ ለጊዜው የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ሰው አሁን ቤቱን የሚያመላክተው «ጉድጓዱን አልፈህ» እያለ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ለሰው ሙያ ስንለው ነው። ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። እኚያው ንጉሥ ናቸው በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ እስከ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ያስመጡት፤ ባለሙያ ምን እንደሚያወርድ በዓይናቸው አይተዋል። ስድቡን ከለከሉ። ማጽናናቱን ማን ይከልክልልን? ዛሬ ቧንቧ ሠራተኛን ፊት ለፊት የሚሰድብ የለም። «አይዞህ፣ ለጊዜው ነው» ይሉታል እንጂ። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር፤ ማጽናኛን ምን ብሎ ይመልሰዋል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው «ታካብዳለህ፣ ሥራ ክቡር ነው፣ ማን ናቀ?» አለኝ። የገዛ ልጁን የግል ኮሌጅ ከፍሎ ማኔጅመንት ሲያስተምር፣ ልጁ በሁለተኛ ዓመቱ ቤት ሲቀመጥ አውቃለሁ። ያው ወዳጄ የአክስቱ ልጅ ዋሽንግተን ሄዶ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ ቢባል ፎቶውን ሳሎን ይሰቅለው ነበር። አልፌዋለሁ።

ደግሞ ቧንቧ ሠራተኞችን ላመልካቸው አልተነሳሁም። ከእነሱም ጋር የራሴ ጠብ አለኝ። «መጣሁ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ነኝ» ብሎኝ እስከ ዛሬ ቀለበት መንገዱን እየዞረ ያለ ሰው አለ። ሌላው ቫልቩን ፈትቶ «ዕቃ ልግዛ» ብሎ ወጣና ስልኩን ዘጋ፤ ሦስት ቀን በጀሪካን ኖርኩ። ድሮ ተናድጄ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጓደኛው «ለጊዜው ነው» እያሉ ያጽናኑት ሰው ለምን ተመልሶ ይመጣል? ነገ የሚተወውን ሥራ ማን አስተካክሎ ይሠራዋል? ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር መገጣጠሚያን ማንም አያየውም፤ ልስን ተለስኖ፣ ሴራሚክ ተለጥፎበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ለጊዜው የሠራ ሰው ለጊዜው የሚይዝ ነገር ትቶልን ይሄዳል። እኛ ነን ያስተማርነው።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልመለስ። ያን ቅዳሜ ስታለቅስብኝ፣ ጋዋን ላይ አፉን የሚከፍተው፣ ስለ ሙያ ክብር በየሳምንቱ ቀለም የሚጨርሰው ወንድሟ ምን አላት መሰላችሁ? «አይዞሽ እታለም፣ ለጊዜው ነው።»

ስሕተቴን ላርም ብዬ ማክሰኞ ማታ ደወልኩላት። ስለ 260 ዲግሪው፣ ስለተጣለው ኤልቦ፣ ሰከንድ ስለሚቆጥረው ከንፈሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ምሳ አበላኸው?» አለችኝ። አላበላሁትም ነበር።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ሊወጡ ሲሉ አለቃው መታጠቢያ ቤት ገብተው የድሮውን የብረት ቧንቧ በፒንሳ ጀርባ ቆርቆር አደረጉት። ውስጡን ዝገት በልቶታል፣ ከነአካቴው መቀየር አለበት አሉኝ። ዋጋውን ጠየቅኩ። ነገሩኝ። ጣሪያውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ፣ የወሩን ቀን ቆጠርኩ።

«ለጊዜው ይቆይ» አልኩ።

አለቃው ምንም አላሉም። የእህቴ ልጅ ግን ወደ ኩሽና ተመለሰና ከቧንቧው የፈታውን ላስቲክ አጥቦ፣ ሽቦውን በላዩ ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«እንግዲያው ይህን አይጣሉት፣ ጋሼ» አለኝ። «ያስፈልግዎታል።»