ዛሬ ተቀድቶ ነገ የሚነበብ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የዲግሪዬን ኮፒ፣ መታወቂያዬንና ማመልከቻዬን ይዤ። ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን አየት አድርጋ «ወንድሜ፣ ስካነሩ ተበላሽቷል፤ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ» አለችኝ። ላኩላት፤ ያውም በራሷ የግል ስልክ። በ5 ደቂቃ ጉዳዬ አለቀና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው «ቆይ፣ ያ ፎቶ አሁን የት ነው ያለው?» ማለት የጀመርኩት።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር ልጽፍ ስለሆነ ነው። «እንዴ! እኛ ገና ስካነር እየተበላሸብን ስለ ኳንተም?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ስልካችሁ ከባንክ ወይም ከመንግሥት ድረ ገጽ ጋር ሲነጋገር መልእክቱ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። ቁልፉን ለመለዋወጥና ማንነትን ለማረጋገጥ ለዓመታት ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ አርኤስኤ ይባላል። የቆመው በቀላል ነገር ላይ ነው፦ 53ን በ61 ማባዛት ቀላል ነው፣ 3233 ይመጣል። «3233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቁጥሩ ከ600 በላይ አሃዝ ሲኖረው የዛሬ ኮምፒዩተሮች አይችሉትም። ፒተር ሾር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ግን በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒዩተር ቢኖር እንደሚፈታው በ1994 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

እንዲህ ያለ ማሽን ዛሬ የለም። ግን ግምቱን ተመልከቱ። በ2019 የጎግል ተመራማሪ ክሬግ ጊድኒ ከባልደረባው ጋር ባወጣው ስሌት፣ አርኤስኤን በ8 ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት ያስፈልጋል ተባለ። በግንቦት 2025 እዚያው ሰው ስሌቱን ከልሶ ከ1 ሚሊዮን ያነሰ ኪዩቢት ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይበቃል አለ። አይቢኤም በ2023 መጨረሻ ያሳየው ቺፕ 1,121 ኪዩቢት ነበረው። ርቀቱ አሁንም ሰፊ ነው፤ እየጠበበ ያለው ግን ከሁለቱም ወገን ነው።

ታዲያ ማሽኑ እስኪመጣ ለምን አንጠብቅም? ምክንያቱም ሌባው አይጠብቅም። ዛሬ የሚያልፈውን የተመሰጠረ መልእክት ቀድቶ ማስቀመጥ ርካሽ ነው፤ ቁልፉ ሲገኝ ከፍቶ ያነበዋል። ሚሼል ሞስካ የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በአንድ መስመር አስቀምጦታል፦ ምስጢሩ ተጠብቆ መቆየት ያለበት ጊዜ፣ ሲደመር ወደ አዲሱ ምስጠራ ለመሸጋገር የሚፈጀው ጊዜ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ካለው ጊዜ ከበለጠ ከወዲሁ ዘግይታችኋል። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ወጪው የዘንድሮ በጀት ላይ ይወድቃል፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው የዛሬው ኃላፊ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ቁጥሩን በእኛ ላይ እንሞክረው። ፋይዳ የ10 ጣቶች አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል፤ 90 ሚሊዮን ሰው ለመመዝገብም ታቅዷል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ትቀይራላችሁ። አሻራን በምን ትቀይራላችሁ? ዘንድሮ የተመዘገበ የ20 ዓመት ልጅ መረጃው ለ50 እና ለ60 ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት። መረጃው ተሰርቋል እያልኩ አይደለም። በመሥሪያ ቤቶችና በባንኮች መካከል ሲመላለስ የሚጠብቀው ቁልፍ ዕድሜው ስንት ነው ነው ጥያቄዬ።

ሌሎቹ ጀምረዋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በነሐሴ 2024 ሦስት አዳዲስ ደረጃዎችን አጽድቋል። ዋይት ሐውስ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ማሸጋገር እስከ 2035 ድረስ ወደ 7.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ብሎ ገምቷል። እኔን የሳበኝ ግን የእንግሊዝ ዕቅድ ነው። እስከ 2028 ድረስ ዋናው ሥራ የት የት ምን ዓይነት ምስጠራ እንዳለ መመዝገብና ዕቅድ ማውጣት ነው፤ በጣም አስቸኳዮቹ እስከ 2031፣ ሁሉም ደግሞ እስከ 2035 ይቀየራሉ። ቆጠራ ማለት ነው። ቆጠራ ደግሞ ዶላር ሳይሆን ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ነው የሚፈልገው።

በነገራችን ላይ ስልካችሁ ከመንግሥት ቀድሟችሁ ሊሆን ይችላል። ሲግናል በ2023፣ የአፕል አይሜሴጅ በ2024 አዲሱን ምስጠራ ጨምረዋል፤ ክሮምም እንደዚሁ። ግን ሁለቱም ወገን መቻል አለበት። ከወዲያ ያለው ሰርቨር አሮጌ ከሆነ ንግግሩ በአሮጌው ቁልፍ ይቀጥላል።

ፊርማ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበው ጣጣ አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አንድ ዓይነት ዲጂታል ፊርማ 64 ባይት ነው። ከአዲሶቹ በዋናነት የሚመከረው፣ በትንሹ መጠኑ እንኳ፣ 2,420 ባይት ነው። አንድ የኪውአር ኮድ ቢበዛ የሚይዘው 2,953 ባይት! ለስምና ለፎቶ ምን ቀረ? በኪውአር የሚረጋገጥ ማንኛውም የታተመ ሰነድ እንደገና ሊነደፍ ነው ማለት ነው። የእኛ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የፊርማ ሥርዓቱን ሥር ለኢንሳ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ይህን ቀድሞ ማየት ያለበት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወደ ስካነሩ ልመለስ። የመንግሥት ደብዳቤ በግል ቴሌግራም እየሄደ ስለ ኳንተም ማውራት በሩ ክፍት ሆኖ ጣሪያ እንደማጠናከር ነው፤ እስማማለሁ። የቴሌግራም ተራ ውይይትና ቡድን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ለማንበብ ኳንተም አያስፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሠራተኛው የሚሠራ ኦፊሴላዊ መላላኪያ ይሰጠው። ጸሐፊዋ ላይ አልፈርድም፤ ያለ ቴሌግራም ጉዳዬ ሳምንት ይፈጅ ነበር።

ግን «መጀመሪያ ይሄ» የሚለው ክርክር አንድ ነገር ይረሳል፦ እየገዛን ነው። የዳታ ማዕከል፣ የክፍያ ሥርዓት፣ የመሬት መዝገብ በየዓመቱ ጨረታ ይወጣባቸዋል፤ የተገዛው ደግሞ 10 እና 15 ዓመት ይቆያል። ዘግይቶ የጀመረ አገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የሚነቅለው አሮጌ ነገር ትንሽ ነው። አሁን በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ርካሽ ነው፤ ከተገዛ በኋላ መቀየር ግን ሌላ ግዢ ነው።

አንቀጹ አንድ ዘዴ ብቻ እንዳይጠራ ግን እፈልጋለሁ። ሳይክ የተባለ ለአዲሱ ዘመን የታጨ ዘዴ በ2022 በአንድ ተራ ኮምፒዩተር በ1 ሰዓት ገደማ ተሰብሯል። ስለዚህ ሻጩ የሚጠየቀው «ኳንተም ይቋቋማል?» ተብሎ ብቻ አይደለም። «ምስጠራው ነገ ቢሰበር ሥርዓቱን ሳናፈርስ በስንት ቀን ትቀይሩልናላችሁ? በማን ወጪ?» ተብሎ ነው።