የከንቲባው ቃልና የድሆቹ ዝምታ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የአንድ ከተማ ከንቲባ ሕይወት በአብዛኛው የሚጠናው ከቃለ ጉባኤና ከሒሳብ መዝገብ ነው። የሳልዝበሪው ከንቲባ ጆን አይቪ ግን የሥራውን ታሪክ ራሱ ጽፎ በ1661 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ጽሑፉ በ1627 በከተማዋ ስለ ደረሰው ቸነፈር የሚጠቀስ ዋና ምስክር ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ ምስክሩ ባለጉዳይም ስለሆነ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

አይቪ በሙያው ወርቅ አንጥረኛ፣ በእምነቱ ፒዩሪታን ነበር። ቸነፈሩ ሲገባ ባለጸጎች ወደ ገጠር ሸሹ፤ ከንቲባው ግን በሥራው ላይ ቆየ። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ዳኛም ሆነ የድሆች ተቆጣጣሪ አብሮት አልቀረም፤ የቀሩት ሁለት ዝቅተኛ የጸጥታ አስከባሪዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም የቀሩት በገጠር የሚቀበላቸው ወዳጅ ስላልነበራቸው መሆኑን አይቪ ራሱ ይናገራል።

ይህ አጭር ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ ሊታመን የሚገባው ነው። ጸሐፊውን ከፍ ለማድረግ አይጠቅምም፤ ነገር ግን መሸሽ የሀብታም፣ መቅረት የድሃ ዕጣ እንደ ነበር ያጋልጣል። የከንቲባው መቅረት የሚመሰገነው መሄድ እየቻለ ስለ ቀረ ነው፤ መሄድ ያልቻሉትን ግን ማንም ጀግና አላላቸውም።

ከዚህም ሌላ ጽሑፉ ክርክር ነው። ሳልዝበሪ ከጳጳሱ ሥልጣን የወጣችው በ1612 በተሰጣት ቻርተር ነበር። በ1623 የከተማው ምክር ቤት ትርፉ ለድሆች የሚውል የቢራ መጥመቂያ አቋቋመ፤ የግል ጠማቂዎችም ተቃወሙት። ለድሆችም በገንዘብ ምትክ፣ ከከተማው ጎተራ ምግብ የሚያወጡበት ልዩ ምልክት ይሰጥ ጀመር። ምልክቱ ረሃብን ያስታግሣል፤ በዚያው መጠን ድሃው እርዳታውን በመጠጥ ቤት እንዳያወጣ ይከለክላል። ርኅራኄና ቁጥጥር በአንድ እጅ ተሰጡ ማለት ነው።

ስለዚህ አይቪን ቅዱስ ማድረግም ሆነ ጨቋኝ ብሎ መፈረጅ ጥናቱን ያቀልለዋል እንጂ አያጠልቀውም። ከ34 ዓመት በኋላ የተጻፈ መከላከያ የድርጊቱን ዘመን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትንም ዘመን ይመሰክራል። በዚህ ታሪክ የተናገረው ከንቲባው ነው፤ ምልክቱን ይዘው በጎተራው ደጅ የቆሙት ግን አንዲት ቃል አልተዉም። ተመራማሪ የአንደኛውን ቃል ሲጠቅስ የሌሎቹን ዝምታ ከመዝገቡ ጉድለት እንጂ ከእርካታቸው ሊቆጥረው አይገባም።