ዕዳን «ድጋፍ» ብሎ የሚጠራ ሪፖርት፤ የጊች ሰዎችና የደባርቅ ከንቲባ ወንበር

የከንቲባ ሪፖርት የትኛውም ከተማ ላይ ቢነበብ ቅርጹ አንድ ነው። መጀመሪያ የጠጠር መንገድ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ቀጥሎ የተሰበሰበ ገቢ ከዕቅዱ አንጻር በመቶኛ፣ ከዚያ ኮሪደር ልማት፣ መጨረሻ ላይ «ማኅበራዊ ድጋፍ»። እዚህ ላይ ስንት የአቅመ ደካማ ቤት እንደታደሰ፣ ለስንት አባወራ ዘይትና ዱቄት እንደታደለ፣ ስንት ተማሪ ደብተር እንዳገኘ ይዘረዘራል። የበዓል ዋዜማ ከሆነ የማዕድ ማጋራት ፎቶ ይታከልበታል፤ ከንቲባው ሰጪ፣ አሮጊቷ ተቀባይ፣ ካሜራው ምስክር። ከዚያ ለአጋር አካላት ምስጋና ቀርቦ ጭብጨባ ይሆናል።

በብዙ ከተማ ይህ አሰልቺ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ደባርቅ ላይ ግን አይታለፍም። ደባርቅ ውስጥ መንግሥት «የሚደግፋቸው» ሳይሆኑ መንግሥት ዕዳ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ከተራራው እንዲወርዱ ተደርገው በከተማዋ ዳር የሰፈሩት የጊች ሰዎች ናቸው። የከተማዋ ከንቲባ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለነዋሪው ሪፖርት ሲያቀርብ መጀመሪያ ሊለካ የሚገባው በእነሱ ነው።

ጊች በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው። ገብስ ይዘራል፣ በግና ከብት ይረባል፣ በቅሎ ይጫናል። ወደ እሜት ጎጎ የሚወጣ ቱሪስት የሚያድርበት ካምፕ እዚያው አጠገብ ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ። መንደሩ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከመከለሉ በፊት ነበር፤ ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበውም እዚያው ነበር። ሰዎቹ ፓርክ ውስጥ አልገቡም፤ ፓርኩ ነው እነሱ ላይ የመጣው።

በ1989 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» በሚለው መዝገብ አሰፈረው። የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበሩ። ከመዝገቡ ለመውጣት ኢትዮጵያ እንድታሟላ ከተጠየቀችው መካከል ሦስቱ እዚህ ላይ ይበቃሉ፤ የፓርኩን ወሰን ማስተካከል፣ ግጦሹን መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ አማራጭ መተዳደሪያ ማዘጋጀት። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራና እማወራ፣ ወደ 2,500 የሚጠጋ ሰው፣ ጊችን ለቆ ደባርቅ ገባ። በ2009 ዓ.ም. ፖላንድ፣ ክራኮው ላይ የተሰበሰበው ኮሚቴ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። አዲስ አበባ ላይ ደስታ ሆነ፤ ዜናው ተነበበ፤ ቱሪዝሙም ተስፋ ሰነቀ። ድሉ የአገር ሆነ፤ ሒሳቡ ደባርቅ ዳር ቀረ።

«የሰጠ ቢነሳ የለበት ወቀሳ» ይላል የአገሬው ተረት። የ«ድጋፍ» ቋንቋ አደጋው በሙሉ እዚህች ተረት ውስጥ አለ። ለጊች ሰው የሚደረገው ነገር ድጋፍ ከተባለ፣ ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲያጣ ያቆማል፣ ማንም አይወቅሰውም። ዘንድሮ ውሃ ከገባ «ምስጋና»፣ ካልገባ «በጀት አልፈቀደም» ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን እንዲህ አይልም። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በቂ በሆነ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርንም ይጨምራል። «መብት» ነው የሚለው። ስለዚህ ለጊች ሰው የሚገባው ውሃ፣ መንገድ፣ ሥራና ትምህርት የዕዳ ክፍያ ነው። ዕዳ የሚከፍል ሰው ደግሞ ከፋይነቱን ፎቶ አያስነሣም፤ የቀረበትን ይቆጥራል።

«ካሳ ተከፍሏቸው የለም ወይ?» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። አዎ፣ ካሳ ተከፍሏል፤ የከተማ ቦታም ተሰጥቷል። ጥያቄው ያ ገንዘብ ምን ተካ የሚለው ነው። በጊዜው ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታ የሚያስበው፣ ካለፉት 5 ዓመታት የነበረውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ ነው። ቀመሩ አንድን ገበሬ የ10 ዓመት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ከ10 ዓመት በኋላ ልጁ በምን ይኖራል? ለዚህ ቀመሩ መልስ የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገ፤ ያውም በ3 ዓመት ውስጥ ከተገኘው ገቢ ከፍተኛውን ይዞ። ተነሺዎችን መልሶ ስለማቋቋምም በግልጽ ደነገገ። ይህ መንግሥት የቀድሞው ስሌት እንደማይበቃ በራሱ ሕግ ያመነበት ነው። የጊች ሰዎች ግን ከአዲሱ አዋጅ 3 ዓመት ቀድመው ወርደው ነበር።

ብሩንም ማሰብ ነው። በ2008 ዓ.ም. 1 ዶላር ከ21 እስከ 22 ብር አካባቢ ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከብቱን ሸጦ፣ ካሳውን ይዞ ከተማ የገባ ገበሬ እህሉን ከጎተራ ሳይሆን ከገበያ መግዛት የጀመረው ልክ ኑሮ ሊወደድ ሲል ነው። ከተራራው ላይ ያለ ከብት ይወልዳል፤ ባንክ ያለ ብር እንዲህ ባለ ዘመን ይሟሟል።

አማራጭ መተዳደሪያ የተባለውስ? በዋናነት የታሰበው ቱሪዝም ነበር። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው፤ አስጎብኚው፣ ጠባቂው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ጫኙ የሚቀጠረውም እዚያው ነው። ቱሪስቱ ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ቆመ። በ2013 ጦርነት ተጀመረ፤ እስከ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስም ደረሰ። ትንሽ ፋታ ተገኘ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ ከንቲባ አላመጣውም። ነገር ግን አንድን ሕዝብ «እርሻህን ተው፣ በቱሪስት ትኖራለህ» ብሎ ያወረደ መንግሥት፣ ቱሪስቱ ሲቀር «ምን ላድርግ፣ ሰላም ጠፋ» ብሎ መገላገል አይችልም። መተዳደሪያውን የመረጠለት እሱ ነውና ሲከስርም ኪሳራው የእሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። ከጦርነቱ ወዲህ የዋልያ ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉን የጥበቃ ባለሙያዎች ራሳቸው ተናግረዋል። መንደሩ ከተነሣ በኋላ ነው ይህ የሆነው። ግጦሽ ፓርኩን አይጎዳም ለማለት አይደለም፤ ይጎዳል፤ የተጋጠውን መሬት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የዋልያው ጠላት ገብስ የሚዘራው የጊች ገበሬ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። ገበሬው ወረደ፤ ጠብመንጃው ቀረ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የጊችን ጉዳይ መነሻ አድርጎ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። በፈረንሳይ የሴቬን ተራሮች በግ አርቢው የቅርሱ ባለቤት ተብሎ እዚያው ሲቆይ፣ በኢትዮጵያ በግ አርቢው የቅርሱ ጠላት ተብሎ ለምን ይነሣል? ዩኔስኮ የሴቬንን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው ለእርባታ ባህሉ ሲል ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ይህ የከንቲባ ጥፋት ነው ወይ?» ይባል ይሆናል። አይደለም። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። የመሬትና የካሳው ጉዳይ ክልሉን ይነካል። ከተማዋ የራሷ ትንሽ በጀት ላይ፣ የዞን ዋና ከተማ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ተጨምሮባት፣ ተፈናቃይም ተቀብላ የምትኖር ናት። ግን ችግሩ የሚገለጠው በዚሁ ላይ ነው። ተነሺው አቤት ሲል ከተማው «የክልል ነው» ሊለው፣ ክልሉ «የፌዴራል ነው» ሊለው፣ ፌዴራሉ «ከተማችሁን ጠይቁ» ሊለው ይችላል። ይህን ዙር የሚሰብር አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ ደግሞ በእግር ተሄዶ የሚገኝ ቢሮ ያለው ከንቲባው ብቻ ነው። የክልሉን ዕዳ ከኪሱ ይክፈል አይባልም። ዕዳው የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ለማን በየትኛው ቀን እንደጻፈና ምን መልስ እንዳገኘ ለነዋሪው ይናገር ነው የሚባለው። ሪፖርት ማለት ይህ ነው። ለላይ አለቃ የሚቀርብ የአፈጻጸም መቶኛ ለነዋሪ ሲነበብ ሪፖርት አይሆንም።

ሌላው ምናልባት ከሁሉም ይከብዳል። በአገሪቱ የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መደገም ሲገባው ተራዘመ። እንደ ደባርቅ ያሉ የክልል ከተሞች በ2013ቱ ምርጫም የከተማ ምክር ቤት አልመረጡም። የጊች ሰዎች ደባርቅ የገቡት በ2008 ዓ.ም. ነው። 2005 እና 2008ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ እነዚህ ሰዎች የሚያስተዳድራቸውን የከተማ ምክር ቤት አንድም ቀን መርጠው አያውቁም። በ8 ዓመቱ ከተራራ የወረደ ልጅ ለአቅመ ምርጫ ሲደርስ እንኳ የከተማውን ምክር ቤት የሚመርጥበት ኮሮጆ አላየም። ከንቲባውን መሻር የማይችል ሕዝብ ፊት የሚነበብ ሪፖርት እንደምን የምስጋና ቃል አይበዛበትም? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ለንጉሥ ነበር፤ ለማዘጋጃ ቤት አልነበረም።

ደግሞስ «የማኅበረሰብ ድጋፍ» ሲባል ማን ማንን ደገፈ? በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገል የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። በ2013 እና በ2014 ከቆላው የሸሸውን ተፈናቃይ መጀመሪያ የተቀበለው የደባርቅና የዳባት ነዋሪ ነው። ዳባት፣ ዓለም ዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች ሲሰፍሩ ውሃውንም ገበያውንም የተካፈለው የአካባቢው ገበሬ ነው። በዚህ አገር መንግሥትን የሚደግፈው ማኅበረሰቡ ነው ቢባል ከሪፖርቱ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

የሚጠየቀው ነገር ቅንጦት አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየወረዳው የመሠረታዊ አገልግሎት በጀት በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በአስተዳደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ለጤና ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ገበሬው ቆሞ እንዲያነብ። ፍጹም አልነበረም፤ ቢያንስ ግን ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ነበር። ለጊች ሰዎችም እንዲሁ አንድ ሰሌዳ ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. ምን ምን ቃል ተገባ? የትኛው ተፈጸመ፣ የትኛው ቀረ? የቀረው የከተማ፣ የክልል ወይስ የፌዴራል ነው? ከወረዱ ወዲህ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ወጣቶች ስንት ናቸው፣ ስንቶቹስ ቦታ ወይም ሥራ አላቸው? በዓመት ሁለት ጊዜ ከንቲባው አዳራሽ ሳይሆን እነሱ ሰፈር ሄዶ፣ ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ ጥያቄ ሰምቶ፣ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ «የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ» መሆን አለበት የሚለው ለጌጥ ካልሆነ፣ ደባርቅ ላይ ትርጉሙ ይህ ነው።

ከንቲባው በበዓል ዘይት ማደሉን አያቁም፤ ዘይት ለራበው ዘይት ነው። ግን ለጊች እማወራ ዘይቱን ሲሰጣት ሒሳብ የተዘጋ አይምሰለው። እሷ ለአገሪቱ ገብሷን፣ በጎቿን፣ የአባቶቿን መቃብር ሰጥታለች። የሰጠ ቢነሳ የለበት ወቀሳ ከተባለ፣ ሰጪዋ እሷ ናት።