ካትልፊሽና ማካው በምን ሚዛን?

ስለ እንስሳት ብልህነት ሲነሳ ሐሳብ ይለያያል። ገሚሱ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካውን ትልቅ በቀቀን፣ ማካውን ያስቀድማል። ገሚሱ ደግሞ የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነውን የባሕር እንስሳ፣ ካትልፊሽን ያደንቃል። የሁለቱም ወገን ምክንያት ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ ለፍርድ ባንቸኩል ይሻላል።

ማካውን የሚያስቀድሙት አንጎሉን ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ማካው በፊተኛው የአንጎል ክፍሉ ያሉት የነርቭ ሴሎች በመጠን በእጅጉ ከሚበልጠው ከሪሰስ ጦጣ ሴሎች እንደማያንሱ አሳይቷል። በሰው እጅ ተይዞ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ከወላጆቹና ከመንጋው የሚማርበት ጊዜ አለው።

ይሁንና የሰውን ድምፅ አስመስሎ ማውጣቱ ብቻውን የማሰብ ማስረጃ ላይሆን ይችላል። ምናልባትም እኛን ስለሚመስል አብልጠን ወደነው ይሆናል።

የካትልፊሽ ወዳጆች ቆዳውን ያሳያሉ። በቆዳው ላይ ቀለም የያዙ ደቃቅ ከረጢቶች አሉ፤ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ሲስቧቸው ቀለሙ ይሰፋል፣ ሲለቋቸው ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ መልኩን ይለውጣል። ትዕግሥትም አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሙከራ፣ አንዳንዶቹ አጠገባቸው ያለውን ምግብ ትተው የሚወዱትን ሕያው ሽሪምፕ እስከ 130 ሰከንድ ጠብቀዋል።

በአንጻሩ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ግልገሎቹንም አያሳድግም። ስለዚህ ያካበተውን ልምድ የሚያወርስበት ዕድል ጠባብ ነው። በሌላ በኩል፣ ያለ አስተማሪ ይህን ያህል መቻሉ ራሱ ሊቆጠርለት ይገባል።

የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት ከ500 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የኖረ በመሆኑ አንጎላቸው የዳበረው በየራሱ መንገድ ነው። በአንድ መለኪያ ማበላለጥ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል። በረጅም ዕድሜና በማኅበር በሚገኝ እውቀት ማካው ይቀድማል፤ ፈጥኖ ከአካባቢ ጋር በመመሳሰል ደግሞ ካትልፊሽ። ችሎታን ከችሎታ እንጂ ዝርያን ከዝርያ ባናወዳድር ለእውነቱ እንቀርባለን።

ስለ እንክብካቤ ግን ማበላለጡ አያስፈልግም። ስፒክስ ማካው እ.ኤ.አ. በ2019 ከዱር እንደጠፋ ተገልጾ፣ በ2022 ብራዚል ውስጥ ወደ ዱር ተለቋል። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሕግ የካትልፊሽን ወገኖች ስሜት ያላቸው እንስሳት ብሎ ተቀብሏል። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ ለሁለቱም የሚገባቸውን ጥበቃ ግን እስኪያልቅ አናዘግይባቸው።