አፈር የማያዳብር ማዳበሪያ

ላቪንግተን ከምንኖርበት ቤት ጀርባ ትንሽ የጎመንና የቆስጣ መደብ አለችን። በቀደም አትክልተኛው አፈሩን ሲገለብጥ ነጫጭ ክሮች እየመዘዘ «ታካታካ ነው» አለኝ። ሳየው ግን አወቅኩት። በርበሬና ሽሮ ከሞያሌ ያመጣሁበት ማዳበሪያ ነው። ባዶውን ለችግኝ ጥላ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ ዘርግቼው ከርሟል። ጥፋቱ የራሴ ነው።

በአማርኛችን እርሻ ላይ የሚጨመረውም፣ የፕላስቲክ ከረጢቱም ማዳበሪያ ነው። ሁለተኛው ግን አፈር አያዳብርም። ፕላስቲክ እንደ ጆንያ አይበሰብስም፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይበጣጠሳል፣ ይደቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። እንዲህ ያለው ብናኝና ክር አፈሩ የሚያያዝበትንና ውሃ የሚይዝበትን ሁኔታ እንደሚለውጥ፣ አፈር የሚያላሉትን ትሎችም እንደሚጎዳ በሙከራ ታይቷል። አንዴ ከገባ በወንፊት ነፍቶ የሚያወጣው የለም።

ኬንያ ፌስታልን የከለከለችው በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ኢትዮጵያም በ2017 ከለከለች፤ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው። ቁጥሩ አንድ ይምሰል እንጂ በመካከሉ ወደ 8 ዓመት ገደማ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ፌስታላችንን ኬላው ላይ ገልብጠን መሻገር ለምደናል። ያስለመደን ግን ቅጣቱ ነው እንጂ ለአፈሩ ማሰባችን አይደለም። ለዚህም ነው ማንም የማይጠይቀንን ማዳበሪያ የትም የምንጥለው።

«ጆንያ ውድ ነው፤ እርጥበትም ያስገባል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም በርበሬዬን በጆንያ አልጭንም። ማዳበሪያን ተዉት አልልም፤ አያያዙን እናስተካክል ነው የምለው። ባዶውን ፀሐይ ላይ አናስጣ፤ አጥፈን ጥላ ውስጥ እናስቀምጥ። የተቀደደውን ሳይተረተር እንስፋው። ባዶ የሚመለሰው መኪና ይዞልን ይሂድ፤ እዚያ ደግሞ ገዢ አያጣም። ለችግኝ ጥላ የሣር ዳስ ይበቃል። ያረጀውንም አናቃጥል፤ ጭሱ ለልጆቻችን ነው።

ትርፋችን ሁሉ ከአፈር የወጣ ነው፤ በርበሬውም ሽሮውም። ቀለባችንን የሚሰጠንን መሬት በገዛ ከረጢታችን ማበላሸት ለነጋዴ ኪሳራ ነው። እኔ ከጓሮዬ ክሩን መልቀም ጀምሬአለሁ፤ እናንተም ጓሯችሁን እዩ።