ገዛሁ ያለው ሰው ምን ገዛ?

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ሞተ። አርጅቶ ወይም ተበላሽቶ አልነበረም። ያሳተመው የፈረንሳዩ ኩባንያ ዩቢሶፍት ሰርቨሩን አጠፋው፣ ጌሙም አብሮ ጠፋ። በ2014 መጨረሻ ሲወጣ የአሜሪካን ከተሞችና አውራ ጎዳናዎች አሳጥሮ በአንድ ካርታ ላይ ያስቀመጠ፣ ተጫዋቹ ከኒውዮርክ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ድረስ መንዳት የሚችልበት ጌም ነበር። ነገር ግን ብቻውን ለሚነዳ ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይከፈትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ቀን ሁለት ዓይነት ገዢዎች እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንደኛው ጌሙን ከኢንተርኔት መደብር ከፍሎ ያወረደው ነው። ሁለተኛው ሱቅ ድረስ ሄዶ ዲስኩን ከነማሸጊያው ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ነው። ዲስኩ ዛሬም አለ፣ ጭረት የለበትም፣ ያብረቀርቃል። ኮንሶሉ ውስጥ ሲገባ ግን የሚጫወቱት ነገር የለም።

የጌም ወዳጆች «ዲስክ ይሻላል ወይስ ዳውንሎድ?» እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል። የ«ዘ ክሩ» መጨረሻ ግን ክርክሩ ዋናውን ነገር እንደሳተ ያሳያል። ጌሙ በዲስክ መጣ በኢንተርኔት፣ መጠየቅ ያለበት ከተሸጠ በኋላ ቁልፉ በማን እጅ ቀረ የሚለው ነው።

በቅድሚያ ለዳውንሎድ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። ዲስክ ይጫራል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ የሚያነበው ማሽንም አንድ ቀን ይበላሻል። የኢንተርኔት መደብር ሌሊትም ክፍት ነው፤ ቅናሽ ሲያደርግም አንዳንዴ ግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ለሌላቸው ሠሪዎች በር ከፍቷል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ እንደ «ኩኩሉ» እና «ገበታ» ያሉ ጌሞችን ለተጫዋች ያደረሰው በስልክ ነው። ዲስክ አሳትሞ፣ ማሸጊያ ሠርቶ፣ ለየሱቁ ላከፋፍል ቢል ኖሮ ሥራው ሳይጀመር ገንዘቡ ባለቀ ነበር። ይህን ሁሉ ክዶ «ድሮ ይሻል ነበር» ማለት ናፍቆት እንጂ ክርክር አይሆንም።

ይሁንና ዲስክ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ነበር፤ ገዢውን ባለቤት ያደርገዋል። ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ይሸጠዋል፣ ለጓደኛው ያውሰዋል፣ ለታናሽ ወንድሙ ይተውለታል። ሻጩ «ለማን ሰጠኸው?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም።

ይህ መብት ደግሞ በክርክር የተገኘ ነው። በአሜሪካ ቦብስ-ሜሪል የተባለ መጽሐፍ አሳታሚ በአንድ ልቦለድ ውስጥ መጽሐፉን ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አትሞ ነበር። የሜሲስ ሱቅ ባለቤቶች ማስጠንቀቂያውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ በ89 ሳንቲም ሸጡት። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1908 አሳታሚው መጽሐፉን አንዴ ከሸጠ በኋላ ገዢው መልሶ የሚሸጥበትን ዋጋ መወሰን አይችልም ሲል ፈረደ። በዚያ አገር ያገለገለ መጽሐፍ፣ ያገለገለ ሲዲና ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆች የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ዛሬ ጌም ሲጫን ሰው ሁሉ ሳያነበው «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው ረጅም ውል የዚያ ማስጠንቀቂያ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ወረቀት ላይ የታተመ ቃል ብቻ ነበር፤ ገዢው ችላ ቢለው አሳታሚው ፍርድ ቤት ከመሄድ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። የልጅ ልጁ ግን ሰርቨር አለው። ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በአንድ ቁልፍ ይዘጋል።

ተጫዋቾች ይህን መብት አንዴ አስከብረውት ነበር። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ኮንሶሉ ቢያንስ በ24 ሰዓት አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጌም እንደማያጫውት፣ ያገለገለ ጌም መሸጥና ማዋስም ገደብ እንደሚኖረው ተናገረ። ቁጣው ከባድ ነበር። ተፎካካሪው ሶኒ ፕሌይስቴሽን ላይ ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ «የሚያስተምር» አጭር ቪዲዮ ለቀቀ፤ በቪዲዮው አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብለዋል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍትም አንድ ወር ሳይሞላው ሐሳቡን ለወጠ።

በ2024 ግን ያው ሶኒ በ700 ዶላር ገደማ ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማንበቢያ የለውም። የፈለገ ለብቻው ከፍሎ ይገጥማል። መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነው። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ማንበቢያ የሌለው ዓይነት በ100 ዶላር ረክሶ ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው ቅናሹን አየ፤ ከቅናሹ ጀርባ ያለውን አላየም። ማንበቢያ የሌለው ኮንሶል የያዘ ሰው የሚገበያየው ከአንድ ሱቅ ብቻ ነው። ያገለገለ ጌም መግዛት የለም፣ ዋጋ አወዳድሮ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ የለም፣ የጨረሱትን ሸጦ ለሚቀጥለው ማሟያ ማድረግ የለም። በ2013 በግድ ሊወሰድ ሲል ያስጮኸው መብት በቅናሽና በምቾት ሲወሰድ ብዙ ድምፅ አልተሰማም።

የዲጂታል ንብረት ምን ያህል የላላ እንደሆነ ከጌም ውጭም ታይቷል። በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ ላይ ከርቀት ሰረዘው። ምክንያት ነበረው፤ መጽሐፉን በመደብሩ ያቀረበው ወገን የማሳተም መብት አልነበረውም፣ ገንዘቡም ለገዢዎቹ ተመልሷል። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ሆኖም ሰው በገዛ ቤቱ ያስቀመጠውን መጽሐፍ ሻጩ ባለበት ሆኖ ማውጣት እንደሚችል ያን ጊዜ ዓለም አወቀ። በ2023 ደግሞ ኒንቴንዶ የ3ዲኤስና የዊ ዩ መደብሮቹን ዘጋ። በካርትሪጅ የወጡት ጌሞች ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ይሸጣሉ። በዚያ መደብር ብቻ ይሸጡ የነበሩትን ግን ለእነዚያ ማሽኖች በሕጋዊ መንገድ መግዣ ቦታ የለም።

በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ተቋም ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ድረስ ያሉት አንድ ሰው ዲስኩን ወይም ካርትሪጁን መሳቢያው ውስጥ ስላስቀመጠ ነው። ነገ ለሚጠፉት መሳቢያ የላቸውም።

ነገሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ተጫዋች «አሜሪካ ነው የምኖረው» ወይም «ኤምሬትስ ነኝ» ብሎ ይከፍታል። በብር መክፈል ስለማይችልም ውጭ ያለ ዘመዱ የስጦታ ካርድ ቁጥር ይልክለታል። በዚህ መንገድ በዓመታት የተጠራቀመ የጌም ስብስብ የተቀመጠው ባለቤቱ በማይኖርበት አድራሻ ላይ ነው። አንድ ቀን «አድራሻህ ትክክል አይደለም» ተብሎ ቢዘጋ አቤት የሚልበት የለውም።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። በሜይ 2024 «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጌም ለኮምፒውተር የገዙ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት ማያያዝ ግዴታ ነው ተባሉ። አካውንቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም መደብር ሽያጭ ላይ ተነሳ። ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን የሻረው ተጫዋቾች በዓለም ዙሪያ ስለጮኹ ነው፤ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች በአንድ ማስታወቂያ ከጨዋታ ውጭ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን አይተዋል። ትልልቆቹ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ በሚመዝኑበት ዘመን፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦባቸው የሚያውቁ አካባቢዎች ባሉበት አገር ደግሞ «በፈለጉ ጊዜ መልሶ ማውረድ ይቻላል» የሚለው ተስፋ ለሁሉም እኩል አይሠራም።

ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገባ አንድ የፊፋ ዲስክ ግን የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ስንቱን ልጅ ሲያጫውት ኖሯል። ያለ አካውንት፣ ያለ ዶላር ካርድ፣ ያለ ኢንተርኔት። እርግጥ ከሚሽከረከረው ዲስክ ብዙው ኮፒ ነበር፤ ያ የሠሪውን ላብ መብላት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከፍሎ የገዛው ባዶ እጁን ሲቀር በኮፒ ያስገለበጠው የሚጫወት ከሆነ፣ ሕግ አክባሪውን የሚቀጣው ሻጩ ራሱ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ወደ ዲስክ መመለስ ነው? እዚህ ላይ ነው «ዘ ክሩ» ከባዱን ትምህርት የሚሰጠው። ዲስኩም ውስጡ ባዶ እየሆነ ነው። በ2025 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች 2 አንዳንድ ጌሞቹን በ«ቁልፍ ካርድ» ይሸጣል። ካርዱ ማሸጊያ አለው፣ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል፣ ማዋስና መሸጥም ይቻላል። ጌሙ ግን ውስጡ የለም፤ ካርዱ ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስፈቅድ ብቻ ነው። የማውረጃው ሰርቨር የተዘጋ ዕለት ካርዱን ላልጫነው ገዢ በእጁ የሚቀረው ፕላስቲክ ነው። በሌላ በኩል ጂኦጂ የተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር የሚሸጠው በዳውንሎድ ቢሆንም፣ ገዢው የመጫኛውን ፋይል ወስዶ በራሱ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ለመጫን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ በዲስክ የተሸጠ ኪራይ አለ፣ በዳውንሎድ የተገኘ ንብረትም አለ።

ኩባንያዎቹ መልስ አላቸው። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል፣ አሥር ዓመት ያለፈውን ጌም የሚጫወተው ሰው ጥቂት ነው፣ ጌሙ ውስጥ ያሉት የመኪና ስሞችና ዘፈኖች የተፈቀዱት ለተወሰነ ጊዜ ነው ይላሉ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰርቨሩ ለዘላለም ይብራ ያለ የለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ ሲሄድ ቁልፉን ለገዢው ትቶ ይሂድ፣ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎ ይሰናበት። እንደሚቻል ደግሞ ራሱ ዩቢሶፍት መስክሯል። ከ«ዘ ክሩ» ውዝግብ በኋላ በዚያው በ2024 ለተከታዮቹ፣ ለ«ዘ ክሩ 2» እና ለ«ሞተርፌስት»፣ ያለ ኢንተርኔት መጫወቻ መንገድ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። ሳይጮህ አይቻልም የተባለው ሲጮህ ተቻለ።

ሕግም ቀስ እያለ እየነቃ ነው። በካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ፣ ሻጩ መልሶ ሊወስደው የሚችለውን ዲጂታል ዕቃ፣ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» በሚል ቃል እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአውሮፓ ደግሞ ሮስ ስኮት የተባለ ዩቲዩበር በ2024 የጀመረው «ጌሞችን መግደል ይቁም» የተሰኘ ዘመቻ ለአውሮፓ ኅብረት ያዘጋጀው አቤቱታ በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን ፊርማ አልፏል። የካሊፎርኒያው ሕግ ቃሉን ያስተካክላል እንጂ ጌሙን አያድንም። ቢሆንም ቃል ማስተካከል ትንሽ ነገር አይደለም። ቤት የተከራየ ሰው ተከራይ መሆኑን ያውቃል፤ አውቆም ይስማማል፣ ዋጋውም የኪራይ ነው። በደሉ ያለው የቤት መሸጫ ዋጋ አስከፍሎ ቁልፉን ኪስ ከትቶ መሄድ ላይ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በወር ጥቂት ከፍሎ ብዙ ጌም መጫወት የሚፈልግ ይከራይ፤ ነውር የለውም። ገዛሁ ብሎ ለልጄ አቆየዋለሁ የሚል ግን ከመክፈሉ በፊት፣ የያዘው ዲስክም ይሁን ካርድ ወይም የማውረጃ ቁልፍ፣ አንድ ጥያቄ ለሻጩ ያቅርብ፤ «ሱቃችሁ ነገ ቢዘጋ ይሄ ነገር ይሠራል?» መልሱ «አይሠራም» ከሆነ የተጻፈው ዋጋ የኪራይ ነው፤ እንደ ኪራይ ዋጋ ይከራከርበት።